የአሥር ቀን እናት

ስሜ ሰርክአዲስ ነው። ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ገብታችሁ ጸጉር የምትሠራዋ ሐበሻ የት ናት ብትሉ የረክሻው፣ የባጃጁ ነጂ ራሱ በሬ ላይ ያወርዳችኋል። ሀያ ሦስት ዓመት የሰው ጭንቅላት ጭኔ ላይ እያስደገፍኩ ሹሩባ ስጎነጉን ኖሬያለሁ። የባሌን የጀምበሬን ነገር ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁና ይለቅ፤ ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ገዳሪፍ ላይ ሌላ አገባ። ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ኋላ ያደረግሁትን ስትሰሙ ምን ነክቷት ነው እንዳትሉ ብዬ ነው።

በኮሮናው ዓመት፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ካርቱም ተዘጋች። ድልድዩ ተዘጋ፣ ሚኒባሱ ቆመ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ደጅ ብቅ ያለ ሰው ካለ ወታደሩ «ሐዝር ነው፣ ሰዓት እላፊ ነው፣ ግቢ» እያለ ያባርራል። ጸጉሯን ልታሠራ የምትመጣ ማን አለች? እጄ ሥራ ፈታ። ወር ከምናምን የሰው ገላ ሳልነካ ቆየሁ። ሰላም ለኪ የሚለኝ እንኳ ጠፍቶ ሬዲዮው ሲያወራ መልስ መስጠት ጀምሬ ነበር።

በግቢያችን ሁለት ክፍል አለ፤ አንደኛው የኔ፣ ግድግዳ የሚጋራኝ ደግሞ የገሊላ። ገሊላ አል-ማንሺያ ሰፈር ከአንድ ሀብታም ቤት ተቀጥራ እዚያው እያደረች ዓርብ ዓርብ ነበር የምትመጣው። ባሏ ቢኒያም ፖርት ሱዳን ሥራ ላይ እንዳለ መንገዱ ተዘግቶበት ቀረ። ግንቦት መጨረሻ ላይ እመቤቷ ማሳል ጀመረች፤ በሳምንቱ ገሊላም አሳለች። ሆዷ እስከ አፍንጫዋ የደረሰ ነፍሰ ጡር መሆኗን እያዩ ሻንጣዋን አስይዘው አስወጧት። ግቢያችን በር ላይ ቆማ «እትዬ፣ አይቅረቡኝ፣ ይዞኛል» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ምጧ የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ረክሻ ለምኜ ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ እኔ አጥር ጥግ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ሴት ልጅ ወለደች። የእናቲቱንም የልጅቷንም አፍንጫ እዚያው መረመሩ። አብራር የምትባል ሱዳናዊት ነርስ ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልላ አወጣችልኝና «ያ ሐጃ» አለችኝ፤ እኔን፣ የማርያምን ባሪያ። «እናትየዋ አሥራ አራት ቀን ለብቻዋ ትሁን። ሕፃኗን አንቺ ያዢ። ቁጥርሽን ስጪኝ፣ የሕፃኗን ውጤት ላንቺ እደውላለሁ።» ሰጠኋት።

አራስ ብቻዋን አይተዋትም እየተባለ ነው ያደግነው። ገሊላን ክፍሏ አስገብቼ በሩን ዘጋሁባት። ምግቧን ደጃፏ ላይ አስቀምጬ ወደኋላ እሸሻለሁ፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ትወስዳለች። ለሴት ሦስት ነው ብዬ ግቢው መሐል ቆሜ ብቻዬን እልል አልኩ፤ የሚቀበለኝ አልነበረም።

ገሊላ ፍራሿን ግድግዳው ሥር ጎትታ ጆሮዋን ለጥፋ ትውላለች። ልጅቷ ስታለቅስ «እትዬ፣ ምን ሆነች?» ትላለች። ርቧት ነው እላታለሁ። «የኔ ጡት እኮ እየፈሰሰ ነው» ትላለች። እሷ ወዲያ ወተቷን ጣሳ ላይ አልባ ትደፋለች፣ እኔ ወዲህ የቆርቆሮ ወተት በጥብጬ ጡጦ አጠባለሁ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ግን ከሁሉ የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ነበር፤ ልጄን ሆዴ ውስጥ እያለች አስይዣት ይሆን ወይ የሚለው። ነጋ ጠባ «ደወሉ?» ነው።

በአራተኛው ቀን ደወሉ። አብራር ነበረች። «ይዟታል» አለችኝ። «ናሙናው የተወሰደው ገና እንደተወለደች ስለሆነ ከማህፀን የተላለፈባት ይመስለናል። ብዙ ጊዜ አይሆንም፣ ግን ይሆናል። ከእንግዲህ መለየታቸው ጥቅም የለውም። ለእናቷ ስጫት፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ታጥባት። ትንፋሿ ከፈጠነ ቶሎ አምጪልኝ።» ኢንሻላህ ብዬ ዘጋሁ።

ልጅቷ ደረቴ ላይ ተኝታለች። ጣቴን ጨብጣዋለች። ከግድግዳው ወዲያ «እትዬ፣ ደወሉ እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ገና ነው» አልኳት።

መጀመሪያ፣ ስትነቃ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ጡጦዋን ትጨርስ አልኩ። ከዚያ ነገ አልኩ። ለናንተ ምን እደብቃለሁ፤ ልጅቷን መስጠት አልፈለግሁም። ይህን የሚያህል ዕድሜ ኖሬ ስታለቅስ እኔ ሳነሳት ዝም የምትል ፍጥረት አይቼ አላውቅም። ትንሽ ቀን ብቻ ብዬ ነበር፤ ለመሄድማ መሄዷ አይቀርም ብዬ።

በሰባተኛው ቀን ሰውነቷ ነደደ። ትንፋሿን እቆጥራለሁ፣ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እቆጥራለሁ። ለአብራር አልደወልኩም። ብደውል «እናቷ ጋ አይደለችም ወይ?» ልትለኝ ነው። ከሁሉም የማፍርበት ይኸ ነው። ልጅቷ ብትሞትብኝስ ኖሮ? እርጥብ ጨርቅ እያደረግሁ እመቤቴን ስለምን ዋልኩ፤ የዘጠኝ ሰዓቱ አዛን ሲል ትኩሳቱ በረደላት። ገሊላ ከወዲያ «ዛሬስ ጭጭ አለች» አለች። ተኝታለች አልኳት። ሰንብቶ እኔንም አሳለኝ፤ ሽንኩርት ስጠብስ ሽታው ጠፋኝ። እንዳትሰማኝ ትራስ ነክሼ ነበር የምስለው። ማን አድርጊ አለኝ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ቻልኩት።

በአሥረኛው ቀን ገሊላ «ጡቴ ቀለለኝ እትዬ፣ መፍሰሱን ተወ» አለችኝ፣ ምስራች እንደምትነግር ሁሉ። ያን ቀን እንኳ ብነግራት ይደርስ ነበር። አልነገርኳትም።

አሥራ አራቱ ቀን ሞላ። ገላዋን ታጥባ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷ ከስቶ ወጣች። ልጇን ተቀበለችኝ። ልጅቷ አለቀሰች፤ የኔ ድምፅ ወዳለበት አንገቷን ታዞራለች። ጡቷን አጎረሰቻት፤ ሳበች፣ ሳበች፣ ምንም የለም። ጩኸቷ ግቢውን ሞላው። ጡጦውን አቀበልኳት። ገሊላ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና «ይሁን፤ ከበሽታው ይሻላል። እርስዎ ባይኖሩ እኔው አስይዣት ነበር። ክርስትና እናቷ እርስዎ ነዎት» ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

እዚያ ላይ አቃተኝ። ስለዚች ልጅ ሆኜ ቄሱ ፊት ሰይጣንን ክጄዋለሁ ልል ነው፤ በየትኛው አፌ? ሁሉንም ነገርኳት። ይዟት እንደነበር፣ ከማህፀን ነው እንዳሉኝ፣ እናቷ ታጥባት ብለው እንደነበር፣ ትኩሳቱንም ሳይቀር።

«መቼ ነው የደወሉት?» አለች።

«በአራተኛው ቀን።»

ቀስ ብላ በጣቷ ቆጠረች። «አሥር ቀን» አለች። ዓይኗ ልጅቷ ላይ ነበር። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ልጇንና ጡጦውን ይዛ ክፍሏ ገባች፣ መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ ብንተላለፍ እንኳ ቃል አታወጣም። ልጅቷ ስታለቅስ እጄ ብድግ ይላል፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ክረምቱ ገባ። መንገዱ ቢከፈትም ቢኒያም አልመጣም፤ ኋላ ኋላ ስልክም ማንሳት ተወ። ሰማንያው ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው በሬ ተንኳኳ። ገሊላ ናት።

«ነገ ክርስትናዋ ነው። ነጠላዎን ያዘጋጁ» አለችኝ።

«እኔ?»

«ጓደኞቼን አንድ በአንድ ለመንኩ። ኮሮና ይዛ የተወለደች ልጅ አላቅፍም አሉኝ። ማን አለኝ?»

«ይቅር ብለሽኝ ነው የኔ ልጅ?»

«አላልኩም» አለችና ሄደች።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ልጅቷን ታቅፌ ቆምኩ። ቄሱ በዪ ያሉኝን ሁሉ አልኩ፤ ሰይጣንን ክጄዋለሁም አልኩ። ስንወጣ ገሊላ ልጇን ከእጄ ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው። ረክሻ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ ጀብራ ተመለስን። ሌላ ሰው ቢኖራት ኖሮ እዚያ ጎኗ አልቀመጥም ነበር፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።