ለጠላቂው የተነፋ ጡሩምባ

ይህ የምተርከው ጉዳይ የደረሰው ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር፣ በወረታ ከተማ፣ በገበያ ቀን ነው። በጡረታ እስከ ተገለልሁበት ጊዜ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥና የንብረት ኃላፊ ስለ ነበርሁ፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛ እስከ ትራክተር ያልመረጥሁት ዕቃ የለም ለማለት እደፍራለሁ። የውሃ ጠላቂ ዕቃ ግን መርጬ አላውቅም ነበር። ጉዳዩ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ዕቃ በመምረጥ ላይ ሳለን አንድ ሰው ሞቶ፣ ተለቅሶለት፣ ደግሞም ተነሥቶ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

የነገሩ መነሻ የውሃ ፓምፕ ነው። በርብ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች በጋራ የገዙት ፓምፕ ነበራቸው። ፓምፑ የቆመበት ዳርቻ ከሥሩ ተቦርቡሮ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጠዋት አፈሩ ተናደና ፓምፑን ይዞት ወንዙ ውስጥ ገባ። ወንዙ በበጋ የሚያሻግር ቢሆንም በዚያ ቦታ ላይ እንደ ጉድጓድ የጠለቀ ነው።

ዋና የሚችሉ ሰዎች ገብተው ሞከሩ። ፓምፑን በእጃቸው ነክተውታል። ነገር ግን ቱቦው ከዛፍ ሥር ጋር ተጠላልፎ፣ ገሚሱም በደለል ተቀብሮ ስለ ነበር፣ ቱቦውን አላቅቆ ገመድ ለማሰር የአንድ ሰው ትንፋሽ አልበቃም። ሽንኩርቱ ደግሞ ራስ መቋጠር በጀመረበት ጊዜ ነበር። ጥቂት ቀን ውሃ ካጣ የብዙ ቤተሰብ ልፋት ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

በከተማችን አቶ ሙላት የሚባሉ ፀጉር አስተካካይ አሉ። በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ እንደ ነበሩ ሁልጊዜ ይናገራሉ። ሰው ግን ፀጉሩን እየተስተካከለ የሚሰማው የጊዜ ማሳለፊያ ወሬ አድርጎ ነው የሚወስደው። «ባሕርተኛው» እያሉም ይቀልዱባቸዋል። የገበሬዎቹ ሰብሳቢ አቶ ገዳሙ መላ ሲጠፋቸው ወደ እኒሁ ሰው ሄዱ፤ እኔንም በምስክርነት ወሰዱኝ።

አቶ ሙላት ምላጫቸውን አስቀምጠው አዳመጡንና፣ «በተውሶ ሳንባ ውሃ አልገባም» አሉ። «ባሕር ኃይል ሳለሁ የለበስሁት ሁሉ የመንግሥት ነበር። ማን ሲነክሰው እንደ ዋለ የማላውቀውን ማስተንፈሻ ስነክስ ኖሬአለሁ። አሁን በልኬ የተመረጠ፣ የራሴ የሆነ ዕቃ ካገኘሁ ግን እገባለሁ።»

ስምምነቱ በዚያው ተደረገ። ገበሬዎቹ ዕቃውን ይገዛሉ፤ ፓምፑ ሲወጣ ዕቃው ለድካማቸው ዋጋ የአቶ ሙላት የግል ንብረት ይሆናል። ፓምፑ ካልወጣ ለሻጩ ይመለሳል። አቶ ገዳሙም ወደ እኔ ዞረው፣ «ዕቃ መምረጥ የእርስዎ እጅ ነው፤ እንዳይለዩን» አሉኝ። ይህን በመባሌ ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

ዕቃው የት ይገኛል ለሚል፣ የተገኘው ከቆርቆሮና ሲሚንቶ ነጋዴው ከሰይድ ሱቅ ነው። ወንድሙ ጅቡቲ ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ እየጠለቀ ሲያጸዳ ኖሮ ሲመለስ ሁለት ሙሉ የጠላቂ ዕቃ በጆንያ ይዞ መጥቶ ነበር። በገበያው ቀን ጠዋት ሰይድ ሁለቱንም ሱቁ በር ላይ ዘረገፋቸው። አንደኛው ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ነው። ሁለተኛው ጥቁር፣ ደብዛዛ፣ ያረጀ የሚመስል ነው።

አቶ ገዳሙ የፎገራን ከብት በመምረጥ የታወቁ ሰው ናቸው። ጥቁሩን የጎማ ልብስ እንደ በሬ ሻኛ አሻሹት፤ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት። የማስተንፈሻውን አፍ ከፍተው ተመለከቱና፣ «ጥርሱ ደኅና ነው። ዕድሜው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰይድም ሳይሥቅ፣ «ወላሂ ገና ወይፈን ነው» አላቸው።

እኔ በበኩሌ በአየር ሲሊንደሮቹ አንገት ላይ የተቀረጸውን የፍተሻ ዘመን መነጽሬን አድርጌ አነበብሁ። አንደኛው ሲሊንደር ባዶ ነበር፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን ግማሽ ያህል አየር እንዳለ ጌጁ ያሳያል። አቶ ሙላት በጥቂቱ ከፍተው አሸተቱትና በራሳቸው ንቅናቄ ፈቀዱት።

«ታዲያ ቀሪውን ጎሚስታው ጋ ወስደን አናስሞላውም?» አሉ አቶ ገዳሙ።

«ጎማ ነኝ እንዴ እኔ? የእሱ አየር ዘይት አለበት፤ ይገድላል። ያለን ይኸው ግማሹ ነው» አሉ አቶ ሙላት።

የፊት መስታወቱ አመራረጥ ከሁሉ ይልቅ አስደንቆኛል። ማሰሪያውን ትቶ መስታወቱን ፊት ላይ ማድረግ፣ በአፍንጫ ወደ ውስጥ መሳብ፣ ከዚያም እጅን መልቀቅ ነው። ካልወደቀ ልክ ነው ማለት ነው። ሰማያዊው ከአቶ ሙላት ፊት ላይ ወደቀ፤ ጥቁሩ ተጣብቆ ቀረ። ይህን ያየ ገበያተኛ ሁሉ ልሞክር አለ። የአቶ ገዳሙ ጢም አላስይዝ ብሎ ሦስት ጊዜ ወደቀባቸው። ሰይድ ላይ ግን ተጣብቆ፣ በዚያው እንዳለ ለደንበኛ ምስማር ሲመዝን አየሁት።

ጠላቂውን ወደ ታች የሚያወርደው የእርሳስ ቀበቶ ላይ ሲደረስ አቶ ገዳሙ ተቆጡ። «ለመስመጥማ እርሳስ ይገዛል? ርብ በነጻ ያሰምጠን የለም ወይ!»

የጎማ ልብሱን ለማስገባት የሳሙና አረፋና የሦስት ሰው ጉልበት አስፈለገ። ስንጨርስ ዚፑ በደረታቸው በኩል ሆነ። ለካስ የጀርባው ነው። እንደገና ለማውለቅ ሌላ ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ በትክክል ሲለብሱት አቶ ሙላት ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከፀጉር ቤታቸው ወንበር ጀርባ የማውቃቸው ሰው አልመስልህ አሉኝ። ምርጫው በጥቁሩ ጸና።

ነገር ግን አቶ ገዳሙ፣ «በሬ ሳይጠመድ አይገዛም። ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ እንይ» ብለው ድርቅ አሉ። አቶ ሙላት አየሩ እንዳይባክን ፈርተው ነበር። ቢሆንም ማስተንፈሻው ዋናና መጠባበቂያ ሁለት አፍ ስለ ነበረው፣ ውሃ የሚያስገባ እንዳለ መለየት አስፈለጋቸው። ከሱቁ ጓሮ ሰይድ ለሚያሠራው ሕንፃ የሚሆን፣ ከሰው ቁመት የሚጠልቅ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ውስጡ አይታይም። ገመድ በክንዳቸው አስረው ጫፉን ለእኔ ሰጡኝ።

«ሁለት ጊዜ ከሳብሁ ያውጡኝ። ካልሳብሁ ማንም እንዳይነካኝ።»

ቃሌን ሰጠሁ። እርሳቸውም ሰመጡ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይሥቅ ነበር። ቀጥሎ ወደ ገንዳው ተጠጋ። ከገንዳው ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አረፋውን አይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ነፍሱ እየወጣች ነው። ርብ የወሰደው ሰው ሁሉ እንዲህ እያለ ነው የሄደ።»

«እናቴ፣ አረፋው የሚያመለክተው መተንፈሳቸውን ነው» አልኋቸው።

«ውሃ ውስጥ ተንፍሶ የወጣ ሰው የት አይተሃል፣ ልጄ?»

አይቼ እንደማላውቅ ማመን ነበረብኝ። ሰይድ «ያ አላህ፣ በእኔ ገንዳ!» እያለ ይዞር ጀመር። ጎትት የሚለኝ በዛ፤ እኔ ግን ቃል ሰጥቻለሁና አልጎትትም አልሁ። አንድ ገበሬ ትዕግሥቱ አልቆ ረጅም ዱላውን ወደ ገንዳው ሰደደና ነካ ነካ አደረገ። ከሥር አንዳች ነገር ዱላውን ያዘ። ገበሬው ሳበ። ያም ሳበ። ዱላው ውሃው ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ትርምስ ነው። ገሚሱ «ውሃው ይዞታል!» እያለ አጥሩን ጥሶ ሸሸ። ጥቂት ቆይቶም የእድራችን ጡሩምባ ከዋናው መንገድ በኩል ሲነፋ ሰማሁ። እኔ የዚያ እድር ጸሐፊ ነኝ። ያለ እኔ ዕውቅና ጡሩምባ ሲነፋ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የአቶ ሙላት ባለቤት ወይዘሮ ጥሩዬ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረታቸውን እየደቁ ደረሱ። አንዲት አልቃሽም ተከትላቸው መጥታ ገንዳው ዳር ቆመችና ታወርደው ጀመር፤

ቀይ ባሕርን ዋኝቶ በሰላም የመጣ፣
ከሲሚንቶ ገንዳ እንዴት ሰው አይወጣ?

እውነቱን ለመናገር በዚህ ጊዜ የእኔም እምነት ተናግቶ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። በዚህ መካከል ገመዱ በእጄ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳበ።

ጎተትሁ። በመጀመሪያ ዱላው ወጣ። ቀጥሎ ጥቁር ራስ፣ አንድ ትልቅ የመስታወት ዓይን፣ ከአፉ የተንጠለጠለ ቱቦ ወጣ። አልቃሿ ግጥሟን አቋርጣ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። አቶ ሙላት ማስተንፈሻውን ከአፋቸው አወጡና ነጠላ ያዘቀዘቀውን ሕዝብ ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ሰይድም፣ «እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ ሙላት» አላቸው።

ወይዘሮ ጥሩዬ ቀርበው ጫማቸውን አወለቁና በጎማው ልብስ ላይ አሳረፉበት። «አንተ ሰውዬ! ሳትሞት አስለቀስኸኝ፤ ስትሞት አላለቅስልህም!»

«ምን ላድርግ፣ ሁለቱንም አፍ መሞከር ነበረብኝ» አሉ አቶ ሙላት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእኔ፣ «ደግሞም ከሠላሳ ዓመት በላይ የናፈቀኝን ዝምታ እዚያ ውስጥ አገኘሁት። ምነው በዱላ ባትነካኩኝ!» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ የእድሩ ወንዶች ዶማና አካፋ፣ ገመድና ቃሬዛ ይዘው ግቢውን ሞሉት። ጡሩምባ ነፊው ላብ እያጠመቀው ወደ እኔ ቀረበ።

«ጸሐፊ፣ ምን ልንፋ? መልሼ ልንፋ?»

«ለመሞት እንጂ ለመነሣት የሚነፋ ጡሩምባ በደንባችን ውስጥ የለም» አልሁት። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔው ስለሆንሁ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ።

አቶ ገዳሙ ግን ሌላ ነገር እያዩ ነበር። ዓይናቸው ከዶማው ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ሰዉ ሄደ። «ሰው ከተሰበሰበ፣ ገመድም ከተያዘ፣ ምን ቀረን? ወደ ርብ!» አሉ።

አቶ ሙላት ጌጁን አሳዩኝ። ቀስቱ ቀዩን ነክቷል። «አንድ ጊዜ ገብቶ ለመውጣት ይበቃል። ሁለተኛ ግን የለም» አሉ። ቀብር ሊሸኝ በመጣው የጭነት መኪና ላይ ሁላችንም ተሳፈርን።

ወንዙ ዳር ስንደርስ የሚሥቅ አልነበረም። በሁለቱም ወገን የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ መጠውለግ ጀምሮ ነበር። አቶ ሙላት የእድሩን ገመድ ይዘው ገቡ። ሰዉ ሁሉ አረፋውን እያየ ቆመ። አረፋው ሲበዛ ሰዉ ይተነፍሳል፤ ሲሳሳ ትንፋሹን ይይዛል። ቀጥሎ አረፋው ጨርሶ ቆመ።

አቶ ገዳሙ እጄን ጨበጡኝ። ሊጎትቱ የተሰለፉት ወንዶች ወደ እኔ ዞሩ።

አቶ ሙላት ማስተንፈሻው ከአፋቸው ወልቆ፣ አየር እየዋጡ፣ ከገመዱ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብለው ብቅ አሉ። «አየሩ አልቋል! ፓምፑን ግን አስሬዋለሁ፤ ሳቡ!»

የእድሩ ወንዶች ሳቡ። ፓምፑ ጭቃ ለብሶ፣ ቱቦውን አስከትሎ ወጣ። ከቱቦው ውስጥም አንድ አምባዛ ወድቆ ሣሩ ላይ ተንፈራገጠ።

ወደ መኪናው የሚያደርሰው መንገድ ወጣ ገባ ስለ ነበር ፓምፑን በቃሬዛው ተሸከምነው፤ ጭቃው እንዳይነካን ጋቢ ጣልንበት። የሚመጣው ገበያተኛ ሁሉ ከበቅሎ ይወርዳል፤ ባርኔጣውን ያነሣል። አንድ መንገደኛ ወደ አቶ ገዳሙ ተጠግቶ፣ «ነፍስ ይማር፤ ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«የሁላችንም ነው» አሉት አቶ ገዳሙ። «ግን አልሞተም፤ ተጠርጎ ይነሣል።»

እንዳሉትም መካኒክ ፈትቶ አጥቦ አስነሣው፤ ሽንኩርቱም ጫፉ እንደ ቢጫነቱ ቢቀርም ራሱን ቋጠረ። አቶ ሙላት ዛሬ የጠላቂ ዕቃቸውን በንጹሕ ውሃ አጥበው ከፀጉር ቤታቸው በር ላይ ሰቅለው ያናፍሱታል። ደንበኛ ሲጠይቃቸው፣ «የግሌ ነው» ብለው ምላጫቸውን ያነሣሉ፤ የምፅዋውን ታሪክ ከዚያ ወዲህ ሲያወሩ አልሰማኋቸውም። በዚያን ቀን ጡሩምባ ሰምተው ከቀሩ አባላት መካከል፣ ሰው ስላልሞተ ቅጣት አንከፍልም ያሉ ነበሩ። ጡሩምባ ጡሩምባ ነው ብዬ አስከፍያቸዋለሁ።

እኔ በአገልግሎት ዘመኔ የገዛሁትን ዕቃ አብዛኛውን ወደ መጋዘን አስገብቼ፣ ቁልፉን ለሌላ ሰው አስረክቤ ተመልሻለሁ። ለማን ምን እንደ ጠቀመ ሳላይ ነው ጡረታ የወጣሁት። ያን ዕለት ግን ጠዋት የመረጥነው ዕቃ ከቀትር በኋላ የሰው ሽንኩርት ሲያድን ቆሜ አየሁ። ታሪኩ በተነሣ ቁጥር ከሚሥቁት ጋር እሥቃለሁ። ከሣቁ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ደስ ሲለኝ ይቆያል።