ስለ ሰው አስተምራለሁ

ፖሊሶች የያዙኝ ሱሉልታ ከሚኒባስ ስወርድ ነው። ፌስቡክ ላይ የጻፍኳትን አጭር ነገር አንስተው ጠየቁኝ፤ አልካድኩም። የታሰርኩበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሲሆን ጥግ ላይ ሰማያዊ ባልዲ ተቀምጧል። ምንነቱ ሲገባኝ ዓይኔን ሰበርኩ።

የክፍሉ ሽማግሌ እዚያው አካባቢ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ ሁሉም "ኦቦ" ይሏቸዋል። አዲስ የገባ እስረኛ ሥራውን ተናግሮ ከሚያውቀው ጥቂት ማካፈል የቤቱ ደንብ ነው። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ተራዬ ደረሰ።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አሉኝ ኦቦ።

"ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ስለ ሰው።"

"ስለ ሰው ምኑን? ሐኪም ነህ እንዴ?" አለ ከወላይታ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት።

ስለ አንትሮፖሎጂ አጀማመር ነገርኳቸው። ትምህርቱ ራሱን ችሎ ከመቆሙ በፊት ፈላስፎች፣ ሕግና መንግሥት ባይኖር ሰው ምን ይመስል ነበር ብለው ጠየቁ። አንዱ እርስ በርሱ የሚበላላ አውሬ ነው አለ። ሌላው የለም፣ ሰው ሲፈጠር የዋህ ነው፣ ያበላሸው "ይህ የኔ ነው" ብሎ ማጠር ነው አለ። ሩቅ አገር ስላለ ሕዝብ ሲጽፉም ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ መንገደኛ ያወራውን ይዘው ነበር።

"ሰዎቹን ራሳቸውን አልጠየቋቸውም?" አሉ ኦቦ።

"አልጠየቁም።"

"እንግዲያማ እንደ መርማሪያችን ናቸዋ!" አለ ወጣቱ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። ሽንት ቤት የሚያስወጡን ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። በአባቴ ዕድሜ ባሉ ሰው ፊት ባልዲ ላይ ከምቀመጥ ብሞት ይሻለኛል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ላብ አጠመቀኝ፤ ንግግሬም ተቋረጠ።

ኦቦ አዩኝ። ምንም ሳይጠይቁ ተነስተው ጋቢያቸውን ባልዲው ፊት በሁለት እጃቸው ዘረጉት።

"ኢጆሌ፣ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ!"

ሁሉም ዞረ። ወጣቱ ጮክ ብሎ መዝሙር ጀመረ፤ የኔ ድምፅ እንዳይሰማ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከጋቢው ጀርባ አለቀስኩ። በሆዴም በእንባዬም አፈርኩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ኦቦ" አልኩ ስጨርስ።

"ምን አጠፋህ ልጄ? ነግ በኔ ነው። በል ቀጥል፣ የዋህ ነው ያለው ሰውዬስ?"

ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ፣ ኮሌታዬን አስተካክዬ ቆምኩ። ትምህርቱንም ጨረስኩ።

ከተፈታሁ ወዲህም ያንኑ ኮርስ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እሰጣለሁ። ከሁለቱ ማንኛው ነው ልክ ይሉኛል። የማውቀውን፣ የዚያን ጋቢ ነገር፣ ልነግራቸው አፌን እከፍትና ፊቴ ይግላል፤ "ለፈተና ሁለቱንም አጥኑ" ብዬ አልፋለሁ። ቤት ደግሞ ባለቤቴ እስር ቤት ምኑ ከበደህ ትለኛለች።

"ብርዱ" እላታለሁ። ሱሉልታ ብርዳም ነውና ታምነኛለች።