ሆም ሜድ ሳምቡሳ

ዛሬ ማዳሜ እኔ የጠበስኩትን ሳምቡሳ ለእንግዶቿ «ሆም ሜድ ነው» ብላ አቀረበች።

እኔ ትሪውን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ከመካ የመጣችው እህቷ ቀመሰችና «እጅሽ ይባረክ» አለቻት። ለማዳሜ። ወላሂ ሳቄን በግድ ነው የዋጥኩት።

ኋላ ኩሽና ውስጥ የማዳሜን ትልቋን ልጅ የ«ሆም ሜድ»ን ትርጉም ጠየቅኳት። «እንግሊዝኛ ነው፤ ከሱቅ ያልተገዛ፣ ቤት የተሠራ ማለት ነው» አለችኝ። «ኬክም ይሁን ጃም፣ እንደዚያ ከተባለ ሰው ይወደዋል። አሁንማ ሱቆቹም ይጽፉበታል።»

ልቤ ወሎ፣ እናቴ ጓዳ ገባ። እዚያ ቂጣው፣ እርጎው፣ ቆሎው ሁሉ ሆም ሜድ ነበር። ስም ያወጣለት ግን አልነበረም።

ሥራ ስጨርስ ለእናቴ ደወልኩላትና ነገርኳት። ሰምታኝ ሰምታኝ፣ «ታዲያ ምግብ ሌላ የት ይሠራል ልጄ?» አለችኝ።

«ሰው ቤት» ልላት አልኩና ተውኩት።

እስቲ እናንተም ጅዳም ሁኑ ሪያድ፣ ከእናታችሁ ጓዳ የቱ ምግብ እንደሚናፍቃችሁ ጻፉልኝ። ዛሬ አብረን እንራብ።