በሚያመኝ አጥንት ላይ በረዶ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ሲያትል ሆቴል ሳጸዳ፣ የእግሬ አውራ ጣት ሥር ያለው አጥንት ወደ ጎን ወጥቶ ጫማ ማድረግ አቃተኝ። ሐኪሙ ሰፊ ጫማ እንዳደርግና በረዶ እንድይዝበት ነገረኝ። የጫማው ነገር ገባኝ፤ በረዶው ግን ግራ አጋባኝ። እኛ አጥንት ሲያመን ብርድ ነው እንላለን። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እናት የበረዶውን ነገር ስነግራቸው፣

"አንቺ ልጅ፣ ሽባ መሆን አማረሽ? ቅቤ ቀቢው" አሉኝ።

ልጆቼን ይዤ ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ ሁሉንም አደረግሁ። በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩበት፤ ብርዱ እንዳይገባብኝ ደግሞ ወዲያው ቅቤ ቀብቼ የሱፍ ካልሲ አጠለቅሁ። ጠዋት በባሌ ሰፊ ጫማ ሥራ ገባሁ። እየሰነበተ ሕመሙ ቀለለኝ።

እናትየዋ "ቅቤው ነው" አሉ። ሐኪሙ "በረዶው ነው" አለ። እኔ ግራ እንደገባኝ አንዱንም ሳልተው ሥራዬን ቀጠልኩ።