የአባቴ «ትንሽ»

ባለፈው እሑድ አዘዞ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ስድስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ‹ሊትል› ማለት ትንሽ ማለት ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ ብዬ ልሸኛት እችል ነበር። ግን ይህች ቃል በልጅነቴ ብዙ ያስተማረችኝ ናትና አጠገቤ አስቀመጥኋት።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ከሱቅ ያመጣችው ቅርንፉድ የተጠቀለለበት ወረቀት፣ ከእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት የተገነጠለ ቅጠል ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሱቅ የሚላክ ሲጠፋ ፈጥኜ የምነሳው እኔ ሆንሁ። ባለሱቁ ግን ሁለተኛ ቅጠል አልሰጠኝም። ስለዚህ ያችኑ አንዲቱን፣ የቅርንፉድ ሽታዋ እስኪጠፋ ድረስ አነበብኋት።

ከሁሉ ረጅሙን ቦታ የያዘችው «ሊትል» ነበረች። ትንሽ ማለት ከሆነች ይህን ሁሉ መስመር ምን አደረገችው እያልሁ እገረም ነበር። ለቁመትም ለዕድሜም ትሆናለች፤ ታናሽ ወንድም በእሷ ይጠራል፤ ትንሿ ጣትም እንዲሁ። ከፊቷ «ኤ» የምትባል አንዲት ፊደል ስትቆም «ጥቂት አለ» ማለት ነው፤ ፊደሏ ስትነሳ ግን «የለም ማለት ይቀላል»። ያየሁትን ሁሉ በእሷ መሰየም ጀመርሁ። ጥጃውን «ሊትል» አልሁት፣ ዝም አለ። እህቴን ስላት ግን «ሰደበኝ» ብላ ለእናቴ ከሰሰችኝ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ትንሽ ሌላም ሥራ ነበራት። ሰው ስለ ከብቱ ሲጠየቅ «ትንሽ ናቸው» ይላል። ድግስ ደግሶ «ትንሽ ነገር ቅመሱ» ይላል። ጨዋ ሰው የራሱን ሁሉ ያሳንሳል፤ ሰሚው አውቆ ይጨምርበታል። ይህ በመዝገበ ቃላቱ አልተጻፈም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ሆዱን ታመመ። በዚያ ሰሞን ወደ ጤና ጣቢያችን አንዲት ፈረንጅ ሐኪም መጥታ ነበር። ስንደርስ የሚያስተረጉምላት ድሬሰር ቀብር ሄዷል። አባቴም «ይኸ ልጅ እንግሊዝኛ ያውቃል» አለ። ደረቴ ተነፋ። ሐኪሟ ሆዱን እየተጫነች ምን ያህል እንደሚያመው ጠየቀች። አባቴ በሴት ፊት ማቃሰትን ነውር አድርጎ ፊቱን እንደ ድንጋይ አጠነከረና «ትንሽ ነው፤ እግዜር ይመስገን በላት» አለኝ።

«ሊትል» አልሁ። ክኒን ሰጥታ አሰናበተችን።

ብዙም ሳንርቅ አባቴ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«አባ፣ ምነው?»

«ምንም አይደል። ትንሽ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የአባቴን ትንሽ ስሰማ እኔ ምን ያህል እንደምጨምርበት አውቃለሁ፤ ሐኪሟ ግን እንደ ሰማችው ነው የወሰደችው። እሱን ትቼ ወደ ኋላ ሮጥሁ። «ኖት ሊትል። ቢግ። ናይት፣ ኖ ስሊፕ» አልኋት። ቃል ሲያልቅብኝ የኩታዬን ጫፍ በጥርሴ ነከስሁ፤ አባቴ ሌሊት ሌሊት ድምፁ እንዳይሰማ ጋቢውን የሚነክሰው እንደዚያ ነበር። ሐኪሟ ሳታስጨርሰኝ ተነሳች። በማኪናዋ ጎንደር አድርሳው በዚያው ዕለት ሆዱ ተቀደደ። አንጀቱ ተቋጥሮ ነበር፤ ቢያድር አይተርፍም ነበር አሉን።

አባቴ ግን ሰንበትበት እስኪል አኮረፈኝ። ጋቢ መንከሱን ለእንግዳ ሴት ማሳየቴ ከሆዱ ይልቅ ያመመው ይመስል ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን አያ ካሴ ሊጠይቁት መጡና «እንዴት ነበር ሕመሙ?» አሉት።

«ትንሽ ነበር» አለ። ወደ እኔ ዞር ብሎም «ይኸ ልጅ ነው ያተለቀብኝ» አለና ሳቀ፤ ስፌቱ ስላመመው ወዲያው ተወው። እርቃችን ይኸው ነበር።

ሽማግሌዎቹ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ ነበር፤ ብለውም ይደብቁ ነበር። የዛሬ ልጆች ቃሉን ከስልክ ላይ በቅጽበት ያገኙታል፤ ሲያማቸውም ያመመኝ እዚህ ነው ብለው በጣት ያሳያሉ። አንዳንዴ ትዕግሥት የላችሁም ብዬ እቆጣቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከእኛ የተሻሉበት ነገር አንዱ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጄ አጫውቼ ስጨርስ ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁ። ጉልበቴ ካበጠ ወር አልፎታል።

«ያምሃል እንዴ?» አለች።

«ትንሽ።»

ደብተሯን አጠፈችና ትኩር ብላ አየችኝ። «የመዝገበ ቃላቱ ትንሽ ነው ወይስ የአያቴ?»

«የአያትሽ» አልኋት። ሰኞ ጠዋት ይዛኝ ሐኪም ቤት ሄደች።