ከልክ በላይ ንጹሕ የሆነች ዓለም

ንጋሁያ ሃያ ዓመት በኦክላንድ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ፣ በአርባ ሁለት ዓመቷ ፊዚክስ ልማር ብላ የተነሣች ሴት ናት። አሁን ሃምሳ ሊሞላት አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ የምታጠናው ደግሞ የዓለምን የመጀመሪያ ቅጽበት ነው።

ዓለም ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ተለጥጣ ተለጥጣ፣ ባዶና ቀዝቃዛ ሆና ነበር ይባላል። ከዚያ የለጠጣት ኃይል ደከመና ወዲያ ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር፤ ውዝዋዜው ቅንጣቶችን እየወለደ ዓለምን እንደ እቶን አጋላት። እኛም ከዚያ ግለት የመጣን ነን! ይህን ባሰበች ቁጥር ልቧ ይዘላል።

ታዲያ በኮምፒውተር የሠራቻት ዓለም ሦስት ሳምንት ሙሉ አልሞቅ አለች። ኃይሉ ይወዛወዛል፤ ቅንጣት ግን አንዲትም የለም። አማካሪዋ ግሬም፣ "እስከ ዓርብ ካልሞቀች ርዕስ እንቀይራለን" ብሏታል። እንደገና ሀ ብላ የምትጀምርበት ጉልበት የላትም፤ ወደ አውቶቡሷ መመለሷ ነው። ሥራዬን እዩልኝ እንዳትል ደግሞ ኬኩን ፈራች። በእነሱ የጥናት ክፍል የሞኝ ስሕተት የሠራ ሰው ዓርብ ሻይ ላይ ኬክ ይዞ መጥቶ ስሕተቱን ቆሞ ይናገራል። ልጆቿ በሚሆኑ ወጣቶች ፊት! እዚያ ከገባች በአራት ዓመት አንድም ኬክ አምጥታ አታውቅም።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ከአክስቷ ከሪፔካ ጋር መናፈሻ ተቀምጠው ዓሣና ድንች ይበላሉ።

"ምነው ፊትሽ?" አሉ አክስት።

"ዓለም አልሞቅ አለችኝ።"

"ብርድ ልብስ ጣይባታ!" ብለው ሳቁና፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ተነሥተው አጠገባቸው ያለው የልጆች ዥዋዥዌ ላይ ቆሙ። "እኔ በልጅነቴ ማንም ሳይገፋኝ ቅርንጫፍ እነካ ነበር፤ እዪኝ!"

ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ አሉ። ዥዋዥዌው ንቅንቅ አላለም።

"አክስቴ፣ ይውረዱ፣ ወገብዎን!"

"ወገቤን ተይው! ቀጥ ብሎ ከቆመ ከምን ይነሣል? ትንሽ ነካ አድርጊኝ፤ የቀረው የኔ ሥራ ነው።"

በአንድ ጣት ነካቻቸው። ቁጭ ብድግ ባሉ ቁጥር ውዝዋዜው እያደገ፣ አክስት ቀሚሳቸው እየተርገበገበ ሽቅብ ወጡ።

ድንቹ ከንጋሁያ እጅ ወደቀ። "ዜሮ አድርጌዋለሁ! አክስቴ፣ ዜሮ ነው ያደረግሁት!"

ዓለም ስትጀምር በሁሉም ስፍራ የሚኖረውን ጥቃቅን መንቀጥቀጥ ለሙከራ አጥፍታ መመለሱን ረስታው ነበር። ዓለሟ ከልክ በላይ ንጹሕ ሆነች፤ ውዝዋዜው የሚያሳድገው ነገር አጣ። እየሮጠች ተመለሰች። መንቀጥቀጡን መልሳ አስነሣችው። የሙቀቱ መስመር ተኝቶ፣ ተኝቶ፣ ድንገት ሽቅብ ተተኮሰ! ብቻዋን እልል አለች።

ዓርብ ኬኳን ይዛ ገባች። ቆማ ስሕተቷን ከሀ እስከ ፐ ተናገረች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

"አራት ዓመት ይህን ኬክ ስንጠብቅ!" አለ ግሬም ቢላዋውን እያቀበላት። "እንግዳ ሆነሽብን ነበር እኮ። በይ ቁረሺ።"