የግንበኛው ገሠሠ ድንጋይ

ልብስ ሰፊዋ ተሻለች የያዘችውን ስፌት ሳትጨርስ ከመቀመጫዋ እንደማትነሣ የአዳማ ገበያ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዝናብ ቢመጣ፣ መብራት ቢጠፋ፣ የቀበሌ ጡሩምባ ቢነፋ ቀና አትልም። በ1976 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ግን ጡሩምባው ቀና አደረጋት።

«ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት የቀበሌው ነዋሪ በሙሉ ስብሰባ ይውጣ! የቀረ ይቀጣል!»

ይህ አልበቃ ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ሰብስቤ ራሱ በረንዳዋ ድረስ መጥቶ አንድ ወረቀት ሰጣት። በቀበሌው ሴቶች ስም የምታነበው ንግግር ነው። የለበሰውን ካኪ የሰፋችው እሷ ናት፤ ያኔ ቀጭን ነበር።

«በገና ቀን?» አለችው።

«አብዮት በዓል አያውቅም፣ ጓድ ተሻለች።»

ተሻለች ወረቀቱን አጥፋ መርፌ ሰካችበት። ለነገ ለአባቷ የገባችው ቃል ነበራት።

አባቷ አቶ ገሠሠ በጉልምስናቸው ግንበኛ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አዋሽን ቁልቁል በሚያይ ጉብታ ላይ የቆመውን የደጃዝማቹን ባለ ሁለት ማማ ግንብ ድንጋይ ጠርበው ካቆሙት አንዱ ናቸው። ደጃዝማቹ የሠራተኛ ስም ግድግዳቸው ላይ እንዳይነካ ከልክለው ስለነበር፣ ገሠሠ ከዋናው በር ገባ ሲሉ በስተቀኝ ባለ አንድ ድንጋይ ላይ ጫፏ ቆልመም ያለች ትንሽ የገና ዱላ ቀርጸው ጥለው ወጡ። ተሻለች ይህን ወሬ ስትሰማ ነው ያደገችው። ጎረቤቱ ግን «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይስቅባቸዋል። እሷም ብትሆን ድንጋዩን አይታው አታውቅም። በደጃዝማቹ ጊዜ የግንበኛ ልጅ በዚያ በር አታልፍም። ከውርሱ አዋጅ ወዲህ ደግሞ ግንቡ የሕዝብ ንብረት ሆነ ተባለና፣ ማዳበሪያ አጭቀውበት ሕዝቡ እንዳይገባ ዘበኛ አቆሙበት! እንዲህ ያለውን ነገር ስታስብ ተሻለች ክሩን በጥርሷ ነው የምትበጥሰው።

ዘንድሮ የአባቷ ዐይን ላይ ሞራ ወርዷል።

«የከርሞ ገና በሩን ቢከፍቱልኝም ለእኔ ጨለማ ነው» አሏት አንድ ቀን። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንዳንዴ እኮ ለራሴም ሕልም ይመስለኛል። ዋሽቼም እንደሆነ ልወቀው።» ተሻለችም ለገና ግንቡ ድረስ ልትወስዳቸው ቃል ገባች።

ባሏ አለማየሁ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነው፤ ጠብ አይወድም። «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ተሹዬ» አለ። «ስብሰባውን ውጪና ለጥምቀት እንሄዳለን።»

«ጥምቀትም ስብሰባ አያጣም። አንተ ከፈራህ ቅር፤ ዶሮው ግን ከእኔ ጋር ይሄዳል።»

አለማየሁ ዶሮውን ተከትሎ ሄደ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባትየውን፣ ሁለቱን ልጆችና ምግቡን በጋሪ ነጂው በኑሬ ጋሪ ላይ ጭነው ወጡ። ከግንቡ ሥር ባለው ሜዳ የአካባቢው ገበሬና የከተማው ጎረምሳ ሁለት ቡድን ሆኖ ገና ይጫወታል። ሩሯ፣ የእንጨት ኳሷ፣ በአቧራው ውስጥ ትበራለች፣ ዱላ ከዱላ ይጋጫል። አቶ ገሠሠ የድሮ የገና ዱላቸውን ተመርኩዘው ጫጫታውን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

በሩ ላይ ጉተማ የሚባል በዕድሜ የገፋ ዘበኛ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። «አካም ቡልተን» ብሎ በአክብሮት ተቀበላቸው። ነገሩን ሰምቶ አንገቱን ነቀነቀ።

«አባባ፣ እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ትእዛዙ ግን ያለው ከተማ ነው።»

«ግንቡ የማን ነው?» አለች ተሻለች።

«የሕዝብ።»

«እኔስ ማን ነኝ?»

ጉተማ ራሱን አከከ። 

«እንግዲያው እዚሁ እንውላለን» ብላ ነጠላዋን በሩ ፊት አነጠፈችና ዶሮውን ከፈተች። ለጉተማም አጎረሰችው። ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጥ ሞተር ብስክሌት እየጮኸ መጣ። ሰብስቤ ነው። ወገቡን የያዘው የካኪው ቁልፍ ሊበጠስ ደርሷል።

«ሕዝብ ተሰብስቦ ንግግርሽን ይጠብቃል፣ አንቺ እዚህ ዶሮ ትበያለሽ?» ብሎ ጮኸ። «አሁኑኑ ተነሺ! አለዚያ ሽማግሌውም ጭምር ቀበሌ እስር ቤት ያድራሉ!»

አለማየሁ ሊነሣ ጉልበቱን ያዘ። ተሻለች ግን አባቷን አየች። ሞራ በሸፈነው ዐይናቸው ወደ በሩ አፍጥጠዋል።  ልክ በዚያን ጊዜ ሩሯ ከሜዳው ተስፈንጥራ ግንቡን መታችና ተጫዋቹ ሁሉ እየተንጋጋ መጣ። ተሻለች ከአባቷ እጅ የገና ዱላውን ተቀብላ ብድግ አለች።

«የሰፋሁት ካኪ ወገቡ ጠበበ፣
ሕዝቡን ከደጅ ጥሎ ግንቡን ሰበሰበ!»

ሰብስቤ የሚለው ስም ግጥሙ ውስጥ መግባቱን ያልሰማ አልነበረም። ጨዋታውን ሊያዩ የመጡት ሴቶች እልል አሉ። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ወደ ላይ እያነሡ ግጥሙን ተቀበሏት፤ ሦስቴ፣ አራቴ።

«ትሰድቢኛለሽ?» ሰብስቤ ፊቱ ጠቆረ።

«‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ነው የሚባለው፣ ልጄ» አሉት አቶ ገሠሠ ረጋ ብለው። «እኔ እዚሁ ሜዳ ላይ ደጃዝማቹን ቦርጫም ብዬ ሰድቤያቸዋለሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ያስገርፉኝ ነበር፤ የገና ዕለት ግን ሳቁ።»

«ጌታ የሚባል ነገር ቀርቷል!» አለ ሰብስቤ እየጮኸ። «ጌቶችን አብዮቱ ጠራርጓቸዋል!»

«እኮ!» አለች ተሻለች። «ጌታ ከሌለ፣ የሚቆጣው ማነው?»

 ሜዳው በሳቅ ተናጋ።  ሰብስቤ ቢቆጣ ጌታ መሆኑ ነው፤ ያውም ከደጃዝማቹ የባሰ ጌታ። ጥርሱን ብቻ አሳየ።

«ጓድ ካልተቆጣ እኔማ ምን አገባኝ» አለ ጉተማና ቁልፉን አወጣ።

ገቡ። ተሻለች ግድግዳውን ስታይ ክው አለች። ከበሩ በስተቀኝ ያለው ድንጋይ ሁሉ መፈክር ሊጻፍበት በቀይ ቀለም ተለቅልቋል። ምንም ምልክት አይታይም። አባቷን ምን ትበላቸው? አቶ ገሠሠ ግን መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ድንጋዩን ከታች ወደ ላይ መቁጠር ጀመሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። 

«እጅሽን አምጪ» አሏት።

ጣቷን ይዘው በቀለሙ ሥር ባለው ጎድጓዳ መስመር ላይ መሯት፤ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ጫፉ ላይ ቆልመም አለ። አቶ ገሠሠ እንደ ልጅ ሳቁ፤ እንባቸው ግን በጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። ልጆቹም፣ አለማየሁም፣ ጉተማም በተራ ዳሰሱ።

በማግሥቱ ሰብስቤ ሊቆጣ የሚችልበት ቀን ሆነ። ተሻለች አምስት ቀን ታሰረች። በስድስተኛው ቀን ከመፈታቷ በፊት ሕዝብ ፊት ግለ ሂስ እንድታደርግ አቆሟት። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ አባቷም ዱላቸውን ይዘው ፊት ተቀምጠዋል። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። ሰብስቤ፣ «ጥፋትሽን ተናገሪ» አላት።

«አጥፍቻለሁ» አለች ተሻለች። «ከአዋጁ ጀምሮ ግንቡ የሕዝብ ነው እያላችሁ ስትነግሩኝ፣ አባቴን ይዤ የሄድኩት ዐይናቸው ከጠፋ በኋላ ነው።»